በኮሮና ጊዜ ሃይሩፍ ውስጥ መኖር፦ ገርዓልታ ልሂድ ወይስ እዚሁ አዲስ አበባ ልቁም?

ባለሃይሩፍ
ግንቦት 18 ቀን 2012

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። በተለይ አለት የምትወጡ ወይም መኪና ውስጥ ማደር የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የቱሪስት ሾፌር ነኝ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የተያዙልኝ ጉዞዎች ተራ በተራ ተሰረዙ። እስከ ፋሲካ «ይስተካከል ይሆናል» እያልኩ ጠበቅሁ። ፋሲካንም እንደ ብዙዎቻችሁ ቤቴ ተቀምጬ በቴሌቪዥን ቅዳሴ ሰምቼ አሳለፍኩ። ሃይሩፌ፣ ያ ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ፣ እንደቆመ ነው፤ ዕዳው ግን አልቆመም።

የምኖረው እሪ በከንቱ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ አለን፤ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፣ በክፉ አላነሣቸውም። ነገር ግን ከፈረንጅ ጋር ስውል ስለኖርኩ ግቢው በሙሉ ፈርቶኛል። በቀደም ለት «ልጄ፣ እስከ ሰኔ ሌላ ቤት ብትፈልግ» አሉኝ። እሺ ብዬ ገባሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የኋላ ወንበሮቹን ፈትቼ አልጋ አስገባለሁ። ኪራዩ ይቀርልኛል፣ ከጋራ ቧንቧውና ከሽንት ቤቱም እርቃለሁ።

ሁለተኛው ነገር አንዳንዶቻችሁን ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ለእኔ ግን የጤና ጉዳይ ነው። እንግዳ ይዤ ትግራይ፣ ገርዓልታ ስመላለስ አለት መውጣት ለመድኩ። መጀመሪያ ታች ቆሜ ገመድ እይዝላቸው ነበር፤ ቀስ በቀስ እኔም መውጣት ጀመርኩ። አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ገመዱን፣ ሃርነሱን (ወገብና ጭን ላይ የሚታጠቀውን) እና ጥቂት ካራቢነሮች (ገመድ የሚያያዝባቸው ባለ በር ቀለበቶች) ትቶልኝ ሄደ። ያ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው፣ መዳፍ ላይ የሚሰማው ሻካራነቱ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሥራ ቆሞ፣ ሰውም ርቆኝ፣ ልቤን ሊያረጋጋልኝ የሚችለው እሱ ነበር። አሁን ጣሪያ እያየሁ እውላለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ነድቼ ልውጣ? ከሐውዜን ወጣ ብዬ ገደሉ ሥር ብቆም፣ በሶና ሽሮ ይዤ፣ ከማንም ሳልነካካ ብከርም? ውጭ አገር አለት የሚወጡ ሰዎች ቫን ውስጥ እንደሚኖሩ እንግዶቼ ይነግሩኝ ነበር። ከተላላፊ በሽታ ለመሸሽ ሰው ከሌለበት ቦታ የተሻለ የት ይገኛል? ይህ ካልሆነ ደግሞ መሀል ከተማ መኪና ውስጥ መኖር ይቻላል ወይ? ብርዱስ? ውሃውስ? ሽንት ቤቱስ?

የሜክሲኮው ሾፌር
ግንቦት 18 ቀን 2012

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ቤትህን አትልቀቅ። መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ፣ አከራይ ተከራዩን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም አይችልም ይላል። አዋጁ ለአምስት ወር የታወጀ ስለሆነ ክረምቱን በሙሉ ያሻግርሃል። ይህን ስልህ ሴትዮዋን በሕግ አስፈራራቸው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ጭንብልህን አድርገህ፣ ራቅ ብለህ ቆመህ፣ በትሕትና አስረዳቸው።

መንገድ ዳር ስለ ማደር፦ ሥራ ሲያመሸኝ ሚኒባሴ ውስጥ ብዙ ጊዜ አድሬያለሁ። አንድ ሌሊት ማደርና መኖር ግን ለየቅል ናቸው። ስታዲየምና ለገሃር አካባቢ ቀን ቀን ፓርኪንግ የሚያስከፍሉ ልጆች አሉ፣ መኪናህን ያዩልሃል። ሲመሽ እነሱ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወይ ሌባ ወይ ፖሊስ መስታወትህን ያንኳኳል። የግድ ከሆነብህ ጥበቃ ያለው ግቢ ፈልግ። ጋራዥ ቢሆን ይመረጣል፣ ቧንቧም ሽንት ቤትም አያጣም። ዘበኛውን ግን ከማደርህ በፊት ቀን ሄደህ ተዋወቀው። ሌሊት ሲበርድህ ደግሞ ሞተር አስነሥተህ እንዳትተኛ፤ የቆመ መኪና ጭሱን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ሌላም አለ። አሁን ሁላችንም በግማሽ ተሳፋሪ ነው የምንሠራው። ሠራተኛ አራርቀው መጫን ያለባቸው መሥሪያ ቤቶች ተጨማሪ ሰርቪስ ይፈልጋሉ። ወንበሮቹን ከመፍታትህ በፊት እዚያ ጠይቅ። ሃይሩፍ የቆመው ቱሪስት ስለሌለ እንጂ ሰው ስለሌለ አይደለም።

የካዛንቺሷ ነርስ
ግንቦት 19 ቀን 2012

ጥያቄህን ያነበብኩት ከአዳር ሥራ ወጥቼ ነው። እኔም አለት እወጣለሁ፤ እኔም አሁን የምኖረው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስለዚህ አልፌው ልተኛ አልቻልኩም። ረዘም ይልብሃል፣ ታገሠኝ።

የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። ከሚያዝያ መግቢያ ጀምሮ የማድረው በአባቴ ሚኒባስ ውስጥ ሲሆን፣ የቆመውም ካዛንቺስ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ትይዩ ነው። አባቴ ታክሲ ይሠራበት የነበረ ሰማያዊና ነጭ አሮጌ አባዱላ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ወንድሜ እንሽጠው ሲል እኔ እምቢ አልኩ። ወንበሮቹን አስነቅዬ፣ የሰፈራችን አናጢ አልጋ ገጠመልኝ፤ ከአልጋው ሥር ገመድና ጫማ የሚገባበት ሣጥን አለው። ያኔ ሐሳቤ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጥቶ አለት መውጣት ነበር። በሽታው ሲመጣ፣ ከታማሚ ጋር ውዬ ወደ እናቴ ቤት የምገባበት ልብ አጣሁ። አልጋው ተሠርቶ ተቀምጦ ነበር፤ ገባሁበት።

ምግቤን በርጩማ ላይ አድርጋ ትመለሳለች፣ መስኮቷን ስትዘጋ እኔ ወጥቼ አነሣለሁ። ቡናም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ስኒው የብቻዬ ነው። ማታ ማታ በመስኮት እናወራለን። ጎረቤቶች መጀመሪያ ተጣልተን መስሏቸው ሊያስታርቁን መጥተው ነበር።

እንግዲህ ከኖርኩት ተነሥቼ የምነግርህ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ መኪና ቤት የሚሆነው ግቢ ሲኖረው ነው። ያለ እናቴ ቧንቧ፣ ያለ ግቢው ሽንት ቤት፣ ልብሴን ከማሰጣበት ገመድና ድምፄ ሲጠፋ «ደህና ነሽ ወይ?» ከሚሉኝ ሰዎች ውጭ ይህ ኑሮ አይቻልም። እንግዶችህ የነገሩህ የአሜሪካ ቫን ኗሪዎችም ከዚህ ውጭ አልነበሩም። ገላቸውን የሚታጠቡት የአለት መውጫ ጂም ውስጥ ነው፤ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት፣ ኢንተርኔት የሚያገኙት ቤተ መጻሕፍትና ካፌ ነው፤ ሽንት ቤታቸው የነዳጅ ማደያና የፓርክ ነው። መጋቢት ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰሞን ተዘጉ። አለት ወጪዎች የሚጎርፉበት የካሊፎርኒያው ዮሰሚቴ ብሔራዊ ፓርክ ራሱ መጋቢት 11 በሩን ዘጋ። ብዙዎቹ ሌላ ቤት የሌላቸው ናቸው፤ «ቤታችሁ ተቀመጡ» ሲባል መኪናቸውን የት እንደሚያቆሙ አጡ። አንተም እሪ በከንቱ ያለችውን አንዷን ቧንቧ ሸሽተህ ስትወጣ፣ በእሷ ቦታ ምን እንደምትተካ ቀድመህ አስብ። ፍልውሃ ሄዶ ከሰው ጋር ወረፋ ተቀምጦ መጠበቅ ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ አዝዞ ሽንት ቤት መጠቀምም እንደዚያው።

ውሃን በሚመለከት፦ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ቢሆን ያቆያል። እጅ መታጠብ ሲጨመርበት ግን ወዲያው ይሟጠጣል። 20 ሰከንድ ሙሉ በሳሙና ስትታጠብ ውሃው ክፍት ከሆነ ብዙ ይፈሳል። እኔ ጄሪካኑ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ አስገጥሜ ከበሩ ውጭ ከፍ አድርጌ ሰቅየዋለሁ። እጄን አርሳለሁ፣ እዘጋለሁ፣ በሳሙና አሻለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ። ገላዬን በሳፋ ነው። ካዛንቺስ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁለተኛ ጄሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጣል።

ብርዱ ከምታስበው በላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የመኪና አካል ደግሞ ስስ ብረት ነው። ሌሊት የምትተነፍሰው ጣሪያው ላይ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ እንደ አክንባሎ ያንጠባጥብብሃል፤ ጋቢህ፣ ፍራሽህ፣ ገመድህ ይርሳሉ። መፍትሔው መዝጋት ይመስልሃል፣ ግን መክፈት ነው። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ሁለት ሁለት ጣት ያህል ክፈት፣ የትንኝ መረብ ለጥፍባቸው፣ አንተ ሁለት ጋቢ ደርብ። አየር መንሸራሸሩ ለዚህም በሽታ ይጠቅማል። ከፍራሹ ሥር እንጨቱ ክፍተት ይኑረው፣ አለበለዚያ ይሻግታል። የጣሪያህን የዕቃ መጫኛ ብሎኖች ደግሞ ሰኔ ሳይገባ አስመርምር፤ እኔ ዘንድ ዝናቡ የገባው በዚያ ነው።

አሁን የምለውን ደጋግመህ አንብበው። መኪና ውስጥ ከሰል አታንድ። ለሙቀትም ለቡናም ብለህ አታንድ፤ «ትንሽ ከፍቼዋለሁ» ብለህም አታንድ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ራስህን ያዞርሃል፣ እንቅልፍ ይመጣብሃል፣ በዚያው ትቀራለህ። ብርድ በገባ ቁጥር ከሰል ይዘው ተኝተው ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሰዎችን ተቀብያለሁ፤ ቤተሰብ ሙሉ ይመጣል፣ ሁሉም አይተርፍም። ክፍላቸው ደግሞ ከሃይሩፍህ ይሰፋል። ቡታጋዝም ቢሆን በር ከፍተህ፣ ውጭ አድርገህ ተጠቀም። በሶ ይዤ እሄዳለሁ ማለትህን ወድጄዋለሁ፤ እሳት የማይፈልግ ምግብ ለመኪና ኑሮ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አዳር ስወጣ በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ነው የምተኛው።

ስለ ዕቃህ ላንሣ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ አሁን በረኪና ይዞ የሚረጨው በዝቷል። በረኪና ገመድና ሃርነስ ላይ እንዳይደርስ! ናይለኑን ይበላዋል፣ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል። ቫይረሱ ላቦራቶሪ ውስጥ በፕላስቲክና በብረት ላይ እስከ ሦስት ቀን ሲቆይ ታይቷል። ስለዚህ ዕቃህን ሌላ ሰው ከነካው ለብ ባለ ውሃና በልዝብ ሳሙና እጠበው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ ከዚያ ቀናት አሳርፈው። መኪና ውስጥ የሚኖር አለት ወጪ ሊጠነቀቀው የሚገባ ሌላም ጠላት አለ፤ ባትሪ። ለመብራት ብለህ ሁለተኛ ባትሪ ከአልጋህ ሥር ልታስገባ ትችላለህ። የባትሪ አሲድ፣ ትነቱም ጭምር፣ ናይለንን ያበላሻል። ገመዱና ባትሪው አንድ ሣጥን ውስጥ አይደሩ፤ እኔ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ነው ያደረግሁት።

ጣቶቼ ላሉ ብለህ ካሰብክ አይዞህ።  የአውራ ጣትህን ስፋት ያህል ጠርዝ ያለው እንጨት አሠርተህ ጠንካራ አግዳሚ ላይ እሰር፤ የመኪናውን በር ጠርዝ ግን አትመን። በአንድ ቀን አብዝቶ ከመንጠልጠል በየጊዜው ጥቂት ይሻላል፤ ከአዳር በኋላ ደክሞኝ ከሆነ እኔ አልነካውም። ሳኒታይዘር ቆዳን ያደርቅና ጣት ጫፍ ላይ ይሰነጥቃል፣ የተሰነጠቀ ጣት ደግሞ ለበሽታም ለአለትም አይሆንም። ውሃ ባለበት ሳሙና ይቅደም። ማታ ሰም በኑግ ዘይት አቅልጬ እቀባለሁ፣ ይጠግናል።

አሁን ወደ ገርዓልታ ልመለስ፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

አትሂድ። ሰው የሌለበት ቦታ ብለሃል፤ ገርዓልታ ሰው አለ። መንገድ ላይ ነዳጅ ትቀዳለህ፣ ውሃ ትለምናለህ፣ መኪናህን ያዩ ልጆች ሮጠው ይመጣሉ። ገደሉ ላይ ያለውን የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለህ፤ በዚያ ገደል በባዶ እግራቸው የሚወጡትን ካህናት አስባቸው፣ ዕድሜያቸውን አስበው። አንተን አይተው ሳይመርቁህ፣ መስቀል ሳያሳልሙህ ያልፉሃል? አንተስ እምቢ ትላለህ? አንተን የማያሳምምህ ነገር እነሱን ሊገድል ይችላል፤ በሽታው ምልክት ሳያሳይም ይተላለፋል።

ከዚያ ደግሞ ብትወድቅ የሚሆነውን ልንገርህ። መቀሌ ስማር፣ ከገጠር እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ይመጣ ነበር። ገበሬዎች ናቸው የሚሸከሙት፤ እየተፈራረቁ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ፊት ለፊት እየተነፈሱ፣ ሰዓታት ተጉዘው። ሄሊኮፕተር የለም። አንተ ብቻህን ነኝ ብለህ አለት ላይ ስትወጣ፣ ከሥርህ እነዚያ ሰዎች እንዳሉ ቁጠር። በዚህ ጊዜ ርቀት ጠብቆ ቃሬዛ የሚሸከም የለም። ሆስፒታል ስትደርስ ደግሞ የምትይዘው አልጋ ለማን እንደታሰበ አስብ።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። ዩታ ውስጥ ሞአብ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ አለት ወጪ ከየአገሩ የሚሰበሰብባት። ሆስፒታሏ 17 አልጋ ነው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የለውም። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሌላው ቦታ ሲዘጋ ሰዉ በቫን ወደዚያ ተመመ። ሐኪሞቹ ለግዛቱ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጽፈው እንግዳ ይቁምልን አሉ፤ ወዲያው የጤና ቢሮው የአካባቢው ነዋሪ ላልሆነ ሰው ሆቴልም ድንኳንም ከለከለ። ካሊፎርኒያ ያለችው ቢሾፕም «አሁን አትምጡብን» ስትል ለመነች። እነዚያ ወጣቶች ክፉ አልነበሩም፤ እንደ አንተ ንጹሕ አየርና ድንጋይ ብቻ ነው የፈለጉት።

መኪና ውስጥ መኖር ከፈለግህ እዚሁ ኑር፣ ሰዎች በሚያውቁህ ሰፈር። ናፍቆትህ ግን ይገባኛል፤ እኔም በየቀኑ ይናፍቀኛል።

የሐውዜን ልጅ
ግንቦት 19 ቀን 2012

እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፣ አሁን አራት ኪሎ ነው የምኖረው። የትግራይ ክልል መንግሥት መጋቢት ላይ የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ጉዞ ከልክሎ ነበር፤ እኔ ራሴ ለፋሲካ እናትና አባቴን ማየት አልቻልኩም። አያቴ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው የሚኖሩት። መኪና ቆሞ ካዩ ጠላ ይዘው ወርደው ይጠይቁሃል እንጂ ዝም ብለው አያሳልፉህም፤ ራቁ ብትላቸው ደግሞ ያዝናሉ። እህታችን ያለችው እውነት ነው። ጊዜው ሲያልፍ ና፣ እኔው ራሴ አብሬህ እሄዳለሁ።

ባለሃይሩፍ
ግንቦት 20 ቀን 2012

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቃሬዛው ያነበብኩትን ስልኬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩት። እንግዳ ይዤ ስሄድ ዕቃቸውን የሚሸከሙትን ልጆች በስም አውቃቸዋለሁ፤ እኔን የሚሸከሙኝም እነሱ ነበሩ ማለት ነው። ገርዓልታ ቀርቷል።

ከአከራዬ ጋር ዛሬ ጠዋት ተነጋገርን። ደንቡን አልሰሙም ነበር። «መንግሥት እንዲህ ካለማ ማን ነኝ» አሉና ዝም አሉ፤ ቆይተው ደግሞ የሚፈሩት ለልጅ ልጃቸው እንደሆነ ነገሩኝ፣ አስም አለበት። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን፤ ክፍሉ የኔ ሆኖ ይቆያል፣ እኔ ግን ሰርቪስ ሥራ ካገኘሁ በሥራ ቀን ግቢው በር ላይ በቆመው መኪና ውስጥ አድራለሁ። ከብዙ ሰው ጋር ውዬ ልጁ ካለበት አልገባም። ቧንቧውን ጠዋት ከሁሉ በፊት እኔ ተጠቅሜ በሳሙና አጥቤው እወጣለሁ። ወንበሮቹን አልፈታም፤ የኋላውን አንድ ረድፍ ብቻ።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ ቢያመኝስ? የተተወልኝን ሃርነስስ እንዴት አውቃለሁ፣ ደህና ይሁን አይሁን?

የካዛንቺሷ ነርስ
ግንቦት 20 ቀን 2012

ለልጁ ብለህ እንዲህ በመወሰንህ ደስ ብሎኛል።

ቢያምህ፦ ሁልጊዜ ማታ በተወሰነ ሰዓት የሚደውልልህ አንድ ሰው ይኑርህ፣ ካላነሣህ መጥቶ መስታወት የሚያንኳኳ። ቴርሞሜትር ግዛ፣ ዋጋው ቢያምህም ግዛ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የማሽተት መጥፋት ካየህ ለኮሮና ወደተመደበው የስልክ መስመር ደውል፣ መጥተው ናሙና ይወስዳሉ፤ አንተ በሚኒባስ ተሳፍረህ ጤና ጣቢያ አትሂድ፣ መኪናህንም እየነዳህ አትሂድ። ትንፋሽ ማጠር ግን እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ቁጭ ብለህ እያለህ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ አየር ካጠረህ በዚያው ሰዓት ሰው ጥራ። መስታወቶችህን ሙሉ በሙሉ በመጋረጃ አትሸፍናቸው፤ ከውጭ የሚያይህ ሰው እንዲኖር አንዱን ጥግ ተወው።

ሃርነሱን በተመለከተ፦ ከወገቡ በውስጥ በኩል የተሰፋ ትንሽ ጨርቅ አለ፣ የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል። የጨርቅ ዕቃ ባይነካም ከ10 ዓመት በላይ አይጠቀሙበትም። ከዚያ ከፊት ያለውን የገመድ መያዣ መሣሪያ የሚንጠለጠልበትን ቀለበትና ገመድ የሚታሰርባቸውን ሁለት ነጥቦች በጣትህ እየዳሰስክ እይ፤ ክሩ የሻከረ፣ ቀለሙ የነጣ፣ የደረቀ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ለዕቃ ማሰሪያ አድርገው እንጂ ነፍስህን አትስጠው። ገመዱን ደግሞ ከአንድ ጫፍ ጀምረህ በሁለት ጣት መሀል አሳልፈው፤ ውስጡ የሚላላ፣ ሲታጠፍ ያለ ልክ የሚሰበር ቦታ ካገኘህ ከዚያ ላይ ቁረጠው። ካራቢነሮቹ በራቸው በራሱ መመለስ አለበት።

ባለሃይሩፍ
ግንቦት 20 ቀን 2012

ሃርነሱ ላይ 2014 ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ክሩ ደህና ነው፣ በባትሪ መብራት ሁሉንም አይቼዋለሁ። ገመዱን ነገ አየዋለሁ። ለጣት ማሠልጠኛው እንጨት አናጢ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ጽድና ዋንዛ አለው፣ የቱን ላሠራ?

የካዛንቺሷ ነርስ
ግንቦት 21 ቀን 2012

ዋንዛ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሹል ሆኖ ቆዳህን እንዳይቆርጥ። ቫርኒሽ አትቀባው፣ ያንሸራትታል።